በጀርባዋ «ኮተን» የተጻፈባት ልጅ

ለአስካል ጆሮ ጥጥ ልገዛ ጎንደር ከአንድ ፋርማሲ ገብቼ ነበር። አስካል የአክስቴ ልጅ ናት። ጆሮዋን ካመማት ሰንብቷል፤ እንደ ድሮውም አትሰማም። እሷን ከደጅ፣ ጥላ ካለበት አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ገባሁና ሻጩ ልጅ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ጥጥ አምጥቶ ከፊቴ አኖረልኝ። ልማዴ ነውና አንስቼ አሸተትሁት። ምንም አይሸትም። ጥጥ እንዴት አይሸትም? እኔ ያደግሁበት ጥጥ ፍሬው ከውስጡ ሳይወጣ ፀሐይ ሲመታው ዘይት ዘይት ይላል፤ ከረጢት ውስጥ ሲከርም ደግሞ የቆላ አቧራና የሰው ላብ ይሸታል። ወረቀቱን ሳገላብጠው ያቺን ቃል አየኋት። በፈረንጅ ፊደል፣ በትልቁ ተጽፋለች፦ ኮተን።

ሰው በቃል ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ። ሌላው ሰው በወርቅ ይቀናል፣ በመሬት ይቀናል፣ በባል ይቀናል። እኔ እዚህ ዕድሜ ደርሼ በአንዲት የእንግሊዝ ቃል ደሜ ይፈላል። ሻጩ ልጅ ፊቴን አይቶ ዋጋው የተወደደብኝ መስሎት መቀነስ ጀመረ። አላስቆምሁትም።

ነገሩ ጣሊያን መተማ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥጥ በሚለቀምበት ወራት ነው። መተማንና ገላባትን የሚለያቸው አንድ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው፤ አገሬው በሱዳንኛው ኾር ይለዋል። ከወዲህ የጣሊያን ባንዲራ፣ ከወዲያ በኮረብታው ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ ይውለበለባል። እኛ ልጆች ባንዲራው ወንዙን ራሱን ለሁለት የቆረጠው ይመስለን ነበርና ክረምት ገብቶ ሲሞላ ውሃው ለየትኛው እንደሚታዘዝ እንከራከር ነበር። ትልልቆቹ ግን እንደ ወትሮው ይሻገራሉ፤ ገበያው አንድ፣ ዘመዱ አንድ፣ ወባውም አንድ ነው።

አባቴ ደሴ ይባላል። አባቱ ከደምቢያ ወርዶ ቆላውን ያቀና ገበሬ ነበር፤ አባቴም በዚያው መሬት ሰሊጥና ጥጥ ያበቅላል። ከእኔ በፊት የተወለዱት ሁለቱ በወባ ሞተውበት ስለነበር እኔ ስወለድ «ይቺ እንኳ ትብለጥ» ብሎ ትብለጥ አለኝ። ከማን እንደምበልጥ አልነገረኝም። ቤት ውስጥም ሌላ ልጅ ስላልነበረ እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ ያለ ተወዳዳሪ በለጥሁ። በማታ ከጎኑ የምቀመጥ እኔ፣ ከእጁ የምጎርስ እኔ፣ ከእርሻ ሲመለስ የጥጥ እሾህ የወጋውን ጣቱን የማይለት እኔ።

በእኛ ቤት አንድ ደንብ አለ። ሴት ልጅ መጀመሪያ የፈተለችው ፈትል ለሌላ ነገር አይውልም፤ ለአባቷ ጋቢ ይገባል። እናቴ ለአባቷ አድርጋዋለች፤ አያቴም ለአባቷ። በዚያ ዓመት ተራው የእኔ ነበር። አባቴ የዘመን መለወጫ ለት ለጎረቤቱ ሁሉ «ዘንድሮ ጥምቀት የምወጣው የትብለጥን ፈትል ለብሼ ነው» ብሎ ተናገረ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ትከሻውን ባየሁ ቁጥር የራሴ መሬት ይመስለኝ ጀመር።

አስካል የመጣችው ጥጡ ገና መፈንዳት ሲጀምር ነው። ከገዳሪፍ የሚመጡ ነጋዴዎች ከግመል ላይ አውርደው ደጃችን ላይ ጥለዋት ሄዱ። ቀጭን፣ ዓይናማ፣ ፀጉሯን በሱዳን አሠራር አጥብቀው የጎነጎኗት ልጅ ናት። የለበሰችው ቀሚስ ከነጭ የጥጥ ጆንያ የተሰፋ ነበር። አባቴ አቅፎ አንስቷት ወዲያው መልሶ አስቀመጣት፤ እኔ የከበደችው መሰለኝ። እናቴ ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። ማታ እንደተነገረኝ የአባቴ እህት፣ ጥሩነሽ የምትባለው፣ ክረምቱን ሞታለች። ባሏ እንግሊዞች ጥጥ ከሚያከማቹበት መጋዘን ይሠራል፤ ሴት ልጅ ብቻውን ማሳደግ ቢያቅተው ወደ አጎቷ ላካት። ስለዚያች አክስቴ ከዚያ በፊት ቤታችን ውስጥ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔም ስላልተወራላት ትልቅ ነገር አይደለችም ብዬ ተውሁት።

ልጅቱ ውሃ ልትጠጣ ዞር ስትል ጀርባዋ ላይ ሰማያዊ የፈረንጅ ጽሕፈት አየን። ጆንያው ላይ የነበረው ማኅተም ነው፤ ቀሚሱን የሰፋው ሰው ሳይቆርጠው ትቶታል።

«ይህ ምን ይላል ልጄ?» አላት አባቴ።

«ኮተን።»

«ኮተን ምን ማለት ነው?»

«ጥጥ። በእንግሊዝ። አባቴ ነው የነገረኝ።»

አባቴ ቁጥብ ሰው ነበር። ሲስቅ እንኳ ባፍንጫው ነው፤ አፉን ከፍቶ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ያን ለት ግን የኋላ መንጋጋው እስኪታይ ሳቀ። ሳቀና ዓይኑን ጠረገ።

«እስቲ ድገሚው» አላት።

«ኮተን።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ሰለሰችው። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜ ቅርፊቱን በጥፍሬ እየላጥሁ አየኋቸው። አንዲት ቃል ናት። እንደ ጠጠር የምታህል ቃል፣ አባቴን ከእኔ ላይ አንስታ ወሰደችው።

በማግሥቱ ስሟ ተለወጠ። አባቴ ከጥጡ እርሻ ማዶ ሆኖ መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ «ኮተ—ን!» ብሎ ጠራት። ድምፁ ሜዳውን ይዞ መጣ፤ ልጅቱም ከለቀማው ቀና ብላ ብድግ አለች። ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ ኮተን አላት። እኔ ግን አንድ ቀንም በዚያ ስም ጠርቻት አላውቅም። አስካል ነው የተባለችው፣ አስካል ነው የምላት።

እናቴ ሆዴን ታውቀዋለች። «አይዞሽ» አለችኝ አንድ ቀን ቅማሌን እያየችልኝ፣ «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ነው።» እኔም አስካል ጨርቅ እስክትሆን ጠበቅሁ። ኅዳር አለቀ፣ ወርቅ ናት። ታኅሣሥ ገባ፣ አሁንም ወርቅ ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ ጠርቶ ያዞራታል፤ እንግዳው ጀርባዋን ያያል፤ እሷ ቃሏን ትላለች፤ እሱ ይስቃል። ማታ ከአባቴ በቀኝ እኔ፣ በግራው እሷ እንቀመጣለን፤ ጉርሻ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግራ ነው። እኔ ጉርሻ ቆጣሪ አልነበርሁም፤ ያን ወራት ሆንሁ።

ነገሩ በቃል የመጣ ስለመሰለኝ በቃል ልመልሰው አሰብሁ። እንግሊዝኛ የሚያስተምረኝ ሰው የለምና ራሴ ሠራሁ። ማሽላ ስንጠብቅ ማማው ላይ ተቀምጬ አፌን እያጣመምሁ ስሞክር ዋልሁና ማታ አባቴ ፊት ቆምሁ።

«አባየ፣ ማሽላ በእንግሊዝ ምን እንደሚባል አውቃለሁ።»

«ምን ይባላል?»

«ብርጢል።»

አባቴ ወደ አስካል ዞረ። እሷ ትንሽ አሰበች። ውሸት ነው ብትል አንቄያት ነበር። «እኔ አልሰማሁትም» አለች በቀስታ፣ «ግን እንግሊዝ ብዙ ነው፤ በሌላው አገር ያሉት እንዲህ ይሉት ይሆናል።» አባቴ ባፍንጫው ሳቀ፤ ለእኔ የተረፈችው ያቺው ያፍንጫ ሳቅ ናት። አስካል ያዳነችኝ መሆኗ ገባኝ፤ ስላዳነችኝም የበለጠ ጠላኋት። ምቀኛ ሰው ደግነት ሲደረግለት እንደሚያመው ያን ለት ነው ያወቅሁት።

ከዚያ መፍተል መጣ። እናቴ ሁለታችንንም በአንድ ቀን አስጀመረችን። መጀመሪያ ጥጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግተን በብረት መዳመጫ እያንከባለልን ፍሬውን አወጣን። ፍሬው እንደ ልጅ ጥርስ አንድ አንድ እያለ ይወጣል። ከዚያ እናቴ በደጋን ነደፈችው፤ የደጋኑ ጅማት ድው ድው እያለ ጥጡ ወደ ላይ ይነሳና ባዘቶ ሆኖ ይወድቃል። ፀጉራችን ሁሉ ነጭ ሆነ፤ አባቴ ከውጭ ሲገባ «እነዚህ አሮጊቶች ከየት መጡ?» አለን። ሁለታችንንም ነው ያለው፤ እኔ ግን ዓይኑ ማን ላይ እንደነበር አይቻለሁ።

እንዝርቱን ሲሰጧት አስካል በግራ እጇ ተቀበለች። ጭኗ ላይ በግራዋ አሽከረከረችው። ክሩ እንደ እኔ አልተቆራረጠም፤ ገና ከጅምሩ ተስቦ ወጣላት።

«በቀኝሽ ያዥ!» አለቻት እናቴ። «ሴት በግራዋ አትፈትልም።»

አስካል ወደ ቀኟ አዛወረችው። ተቆረጠ።

«ተያት» አለ አባቴ ከበሩ።

«ደሴ፣ ግራ ፈትል...»

«ተያት አልሁ!»

አባቴ እናቴን በእኛ ፊት ሲቆጣት የመጀመሪያው ነው። ኋላ ብቻችንን ስንሆን ግን እናቴ ባዘቶውን እየጠቀለለች፣ እንደ ለራሷ፣ «እሱ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ቢሆንም ግራ ፈትል ከቀኝ ፈትል ጋር አይስማማም፤ ሸማኔ አይቀበለውም» አለች። እሱ ምን እንደሚያስብ አልጠየቅኋትም። የኋለኛው ብቻ በቃኝ። ሸማኔ አይቀበለውም! ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰላም ፈተልሁ። አስካል ቀጭን፣ ለስላሳ ክር ታወጣለች፤ የእኔ እንደ ጅራፍ ወፍራምና ጎርባጣ ነው። ግድ የለኝም። የእሷን ጠጋ ብዬ ሳየው ጥምዝምዙ ወደ ግራ ዞሯል፤ የእኔ ወደ ቀኝ። ቀኝ ቀኝ ነው።

ጥምቀት ሲቃረብ አባቴ ፈትሉን ይዞ ወደ ሸማኔው ሊሻገር ተነሳ። ሸማኔያችን ሼህ ኑሩ ናቸው። ድሮ መተማ ከገበያው አጠገብ ነበሩ፤ ጣሊያን ሲመጣ የሸማኔ ጉድጓዳቸውን ብቻ ትተው ሌላውን ሸክፈው ወደ ገላባት ተሻገሩ። በየዓመቱ ከአባቴ ጋር ወደ እሳቸው የምሄድ እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ግን ሁለታችንንም ይዞን ሄደ። አስካል ወባ ይዟት ሰንብቶ ገና አልጠናችም ነበርና ከአህያው ላይ፣ ከጥጡ ከረጢት በላይ ተቀመጠች። እኔ ከአህያው ጭራ ኋላ በእግሬ። አቧራውን ማን እንደበላው መናገር አያስፈልግም።

ከኾሩ አፍ ላይ የጣሊያን ዘቦች ቆመዋል። አንዱ ነጭ ወታደር ከረጢቱን በዘንግ ወጋ ወጋ አደረገና «ኮቶኔ?» አለ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። አለፍን።

እኔ ግን እግሬ ከመሬት ተነሳ። «ሰማሽ?» አልኋት አስካልን፣ አሸዋው ላይ እየዘለልሁ። «ሰማሽ? ቃልሽ የእንግሊዝ አይደለችም! የጣሊያን ናት!»

ጣሊያን በዚያ ጊዜ ቀላል ስድብ አልነበረም። አስካል ከአህያው ላይ ሆና ፊቷ አመድ መሰለ። «እንግሊዝኛ ነው። አባቴ ነው ያለኝ» አለች።

«አፍሽን!» አለኝ አባቴ።

ሼህ ኑሩ እግራቸውን ከጉድጓዱ ከትተው እየሸመኑ ሳሉ ደረስን። አባቴን ሲያዩ መወርወሪያውን አኑረው «መርሐባ፣ ደሴ!» አሉ። ቀይ ከርከዴ በጣሳ ቀረበልን። እኔ ጣሳዬን ሳልጨርስ ነገሬን አወጣሁ።

«ሼህ፣ ይቺ ልጅ እንግሊዝኛ አውቃለሁ ትላለች። የምታውቀው አንድ ቃል ነው፤ እሱም የጣሊያን ነው። ወታደሩ ኮቶኔ ሲል ሰምተነዋል።»

«ቃሉ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ኮተን» አለች አስካል፣ ድምፅዋ ተሰማ አልተሰማ።

ሼህ ኑሩ እግራቸውን ከጉድጓዱ እስኪያወጡ ሳቁ። «የእንግሊዝም አይደለች፣ የጣሊያንም አይደለች! ይህቺ የዚሁ የሱጉ፣ የገበያው ጉጡን ናት እኮ!»

እውነትም ገላባት ገበያ ጥጥ የሚሸከመው ሁሉ ጥጡን በአረብኛው ጉጡን ይለዋል። እኔም ስሰማው ነው ያደግሁት።

«ፈረንጅ በፊት ጥጥ አያውቅም ነበር» አሉ ሼህ። «የበግ ፀጉር ነበር የሚለብሰው። አረብ ነው ባሕር አሻግሮ የሸጠለት። የማታውቀውን ነገር ስትገዢ ስሙን ከማን ትወስጃለሽ? ከሻጩ! እናንተስ ሳሙናን ሳሙና ያላችሁት ስሙን ከአረብ ወስዳችሁ አይደል? ጣሊያኑ ኮቶኔ አለው፣ እንግሊዙ ኮተን አለው። ሥሩ ያው ነው። ከዚህ አገር ሰው አፍ ወጥታ፣ ዓለምን ዞራ፣ በጆንያ ላይ ተጽፋ መጣች።»

ብዙ ቆይቼ ከመጽሐፍ እንዳየሁት ሼህ አልተሳሳቱም። ቃሉ ከአረቡ ወደ ጣሊያኑ፣ ከዚያ ወደ ፈረንሳዩ፣ ከፈረንሳዩ ወደ እንግሊዙ ነው የሄደው። ያን ለት ግን የቃሉ መንገድ ምኔ ነበር? እኔን ደስ ያለኝ የአስካል ሀብት የበረኛና የተሸካሚ ሁሉ ሀብት ሆኖ መገኘቱ ነው። ከርከዴው ማር ማር አለኝ። አባቴ ሲያፍርባት ለማየት ዞር አልሁ።

አባቴ ፈገግ ብሏል። «የትም ሆነች የት» አለ፣ «እሷ ስትላት ነው ደስ የምትለኝ።»

ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሼህ ፈትሉን መመልከት ጀመሩ። የእናቴን አዩ፤ እንደ ሁልጊዜው ነው። የእኔን ልቃቂት አንስተው በጣታቸው መካከል አሹት። «ይህስ የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ!»

«ይጎረብጣል። ግን ጠንካራ ነው፤ አይበጠስም።»

የአስካልን አነሱ። አሹት። እንደገና አሹት። ወደ ብርሃኑ ወጣ ብለው ክሩን ዘርግተው አዩት። እኔ አሁን ይጥሉታል ብዬ ጠበቅሁ።

«ደሴ» አሉ ሼህ ኑሩ፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «ጥሩነሽ መጣች እንዴ?»

አባቴ ልቃቂቱን ከሼህ እጅ ተቀበለ። «ሞታለች ሼህ። ክረምቱን። ይህ የልጇ ፈትል ነው» አለ።

«ኢና ሊላህ» አሉና ሼህ ከአባቴ አጠገብ ቁጭ አሉ። አባቴ የለበሰውን አሮጌ ጋቢ ጠርዝ ያዙና ገለበጡት። «በዚህ አገር ሁሉ በግራ እጇ የምትፈትል ሴት ከእሷ ሌላ አላየሁም። ይኸው፣ ይህን ጠርዝ የፈተለችው እሷ፣ የሸመንሁት እኔ። ባሏን ተከትላ ልትሻገር ስትል ከመተማው ጉድጓዴ አጠገብ ቆመህ ‘ከእንግዲህ እህት የለኝም’ አልኸኝ። ሳትመርቃት ሸኘሃት። ጋቢዋን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ለብሰኸዋል።»

አባቴ ያንኑ ጠርዝ ወደ ዓይኑ አነሳው። የእኔ መሬት ያልሁት ትከሻ፣ ከእኔ በፊት ሌላ ሴት ዘርታበት ኖሯል።

አስካል ከርከዴዋን አስቀምጣ ሄደችና እግሩ ሥር ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ልክ እናቷ ታደርገው እንደነበር ይመስል፣ የጋቢውን ጠርዝ በግራ እጇ ያዘችው።

እኔ ባለሁበት ቀረሁ። አባቴን የወሰደችው ቃሏ እንዳልነበረች ገባኝ። ያን ወራት ሁሉ ከቃል ጋር ስታገል የከረምሁት በከንቱ ነው። አባቴ «እስቲ ድገሚው» ሲላት የሚሰማው እንግሊዝኛ ሳይሆን የእህቱን ድምፅ ነበር። በቃል መፎካከር ይቻላል፤ ቃል ይለመዳል፣ ባይለመድም እንደ ብርጢል ይሠራል። ከሞተ ሰው ጋር ግን በምን ይፎካከራሉ? ሰው አብሯት ስቆ ያልጠገባትን፣ ይቅርታ ያልጠየቃትን እህቱን እኔ የስምንት ዓመት ልጅ በምን ልብለጣት? ከመጀመሪያው ይልቅ አሁን ቀናሁ። አንጀቴ ድረስ ቀናሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርታልኛለች። «ግራ ፈትል አይገባም!» አልሁ ጮክ ብዬ። «እናቴ ብላለች። ከቀኝ ጋር አይስማማም!»

«እናትሽ እውነቷን ነው» አሉ ሼህ፣ ሳይቆጡኝ። «ድሩ ውስጥ ከደባለቅሁት ጨርቁ ይጠማዘዝብኛል። ስለዚህ አልደባልቀውም። ድሩን ከእናትሽና ከአንቺ አደርገዋለሁ፤ ጥንካሬ የሚፈልገው እሱ ነው። ጠርዙ ላይ የሚገባውን ማግ ደግሞ ከእሷ።»

«የሚታየው የቱ ነው?»

«ማጉ።»

«ድሩስ?»

«ድሩማ ባይታይ ነው ደጉ። ድር ከታየ ጋቢው አልቋል ማለት ነው።»

አባቴ ለሰው ሁሉ የተናገረለት ፈትሌ ማንም የማያየው ነገር ሆነ።

ስንመለስ አስካል «ትብለጥ ትቀመጥ፤ እኔ ድኛለሁ» ብላ ከአህያው ወረደች። እምቢ አልሁ። አህያው ባዶውን እየሄደ ሁለታችን በግራና በቀኙ ተጓዝን። ኾሩ መካከል፣ አሸዋው ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም።

«አባየ።»

«ምን ሆንሽ?»

«አስካል እናቷን ትመስላለች። እኔስ ማንን እመስላለሁ?»

አባቴ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። «አንቺማ ራስሽን ነው የምትመስይው» አለኝ።

ዛሬ ቢሆን ምስጋና ይመስለኝ ይሆናል። ያን ጊዜ የገባኝ፣ ማንንም አትመስይም፣ ማንንም አታስታውሺኝም ማለቱ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። አባቴ እሾህ የወጋኝ መሰለው። ተንበርክኮ እግሬን ጭኑ ላይ አደረገና አንድ በአንድ ጣቶቼን እየፈለቀቀ እሾሁን ፈለገ። አንደኛውን እግር ጨርሶ ሌላኛውን አነሳ። ከወዲህ ጣሊያን፣ ከወዲያ እንግሊዝ እያዩን፣ የሌለ እሾህ ሲፈልግ ፀሐዩ አናቱን መታው። ባያገኝም በምራቁ አሽቶልኝ ተነሳን።

በጥምቀት አዲሱን ጋቢ ለበሰ። ሴቶቹ ጠርዙን በእጃቸው እየዳሰሱ «ይህ ምን ዓይነት ልስላሴ ነው!» አሉ። አባቴ «የኮተን ነው» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ድሩ የትብለጥ ነው» አለ። የኋለኛውን የሰማ ሰው አልነበረም። እኔ ሰምቻለሁ። ሆኖም ያ ዓመት እስኪያልቅ ከማዶ «ኮተ—ን!» እያለ ሲጠራት፣ እሷም ብድግ ስትል፣ እኔ ከለቀማው ቀና አልልም ነበር።

የጥጡን ዋጋ ከፍዬ ወጣሁ። አስካል ጀርባዋን ሰጥታኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። መንገዱ በባጃጅ ጩኸት ተሞልቷል።

«አስካል!»

አልሰማችም።

«አስካል!»

አሁንም። ሰው ወደ እኔ ዞረ፣ እሷ አልዞረችም። ሰማያዊው ወረቀት በእጄ ላይ ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ነፃው መዳፌ ወደ አፌ ሄደ።

«ኮተ—ን!»

አስካል ከአግዳሚው ብድግ አለች። ወደ እኔ አልተመለከተችም፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ሩቁ፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ፈለገች። ከዚያ ዞር ስትል አየችኝ። ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች። «አጎቴ የጠራኝ መስሎኝ። ድምፅሽ ቁርጥ እሱን!»

ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥሁ። ጥጡን ጭኗ ላይ አኖርሁላት። አላየችውም። የሚሰማውን ጆሮዋን ወደ እኔ አዘነበለች።

«እስቲ ድገሚው» አለችኝ።